ተክሉ አልሞተም፤ ጠጠሩን ማጠብ አቁም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። መስታወት ቤት ሄጄ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሳጥን) አሠራሁ። ጠጠር አድርጌ፣ አራት ዓይነት ተክል ተክዬ፣ በማግስቱ 8 ጉፒና 2 ጎልድፊሽ የሚባሉ ዓሦች አስገባሁ። ተክል ብርሃን ይወዳል ብዬ መብራቱን ከጠዋት እስከ ማታ አበራለታለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ እየሟሟ ወደቀ፣ ውሃው ድፍርስ አረንጓዴ ሆነ፣ 4 ጉፒ ሞተብኝ። ሻጩ ‹በየሳምንቱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ድፋ፣ ጠጠሩንና ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) በቧንቧ ውሃ እጠብ› አለኝ። አደረግኩት፤ ባሰበት። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ተክል አይሆንልህም› ይላል። አንድ ጓደኛዬ ከሐዋሳ ሐይቅ ጠንካራ ተክል በነፃ ላምጣልህ ብሎኛል። ሁሉንም ደፍቼ እንደገና ልጀምር?»

ምላሽ፦ አትድፋው። ጠጠሩንም ከእንግዲህ አትጠበው። የነገርከኝ ሦስት ችግር ነው፤ የሦስቱም ምክንያት ለየቅል ነው። የቅጠሉ መሟሟት ከሞላ ጎደል ጤናማ ነገር ነው። አረንጓዴው ውሃ የመብራትና የአሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻና ከብስባሽ የሚወጣ መርዝ) ጣጣ ነው። የዓሦቹ ሞት የችኮላ ውጤት ነው፤ እሱን ደግሞ እጥበቱ አባባሰው። ሻጩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ዓሣ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ስለሆነ ውሃ መድፋት ይሠራላቸዋል። ቤትህ ግን ዓሣው ለዓመታት የሚኖርበት ቦታ ነው።

በቅጠሉ እንጀምር። ለአኳሪየም የሚሸጡ ተክሎች አብዛኞቹ የሚያድጉት ሥራቸው ውሃ ነክቶ፣ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። አምራቾቹ እንዲህ የሚያደርጉት ቶሎ ስለሚያድግላቸውና አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚራባ አረንጓዴ ዝቃጭ መሰል ነገር) ስለማይይዘው ነው። አየር ላይ የወጣ ቅጠል ወፈር ይላል፤ ላዩም ሰም መሰል ሽፋን አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ቅጠል ብዙም ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ተክሉ ይጥለውና ስስ፣ ለስላሳ፣ ለውሃ የሚሆን አዲስ ቅጠል ያወጣል። ይሄ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ተክል ደግሞ ከሁሉም የባሰ አኩራፊ ነው። ውሃ ውስጥ ያደገው እንኳ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ ሥሩን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ሳይነካ ቢተወው ግን ከወር በኋላ ያቆጠቁጥ ነበር።

ሞቷል ወይስ አለ የሚለውን በጣትህ ታውቀዋለህ። ቅጠሎቹ የሚወጡበትን ወፈር ያለ ግንድ ቀስ ብለህ ጫን በለው። ጠንካራ ከሆነና መሐሉ ላይ የክብሪት ጫፍ የምታህል ቀለል ያለች አረንጓዴ ቡቃያ ካየህ ተክሉ አለ። ከላላ፣ ቡናማ ከሆነና ከገማ አብቅቷል፤ አውጣው። የሟሟውን ቅጠል ግን በየቀኑ እየለቀምክ አስወግድ። ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ ይጨምራልና። አሁን ጠጠሩን ለማጠብ በየሳምንቱ ተክሉን ስትነቅል የምታደርገው ይህንን የማገገሚያ ጊዜ እንደገና ከዜሮ ማስጀመር ነው። ተክሉ እየታገለ ያለው ከውሃው ጋር ሳይሆን ካንተ እጅ ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን አጣራ። ከአራቱ አንዱ ጭራሹኑ የውሃ ተክል ላይሆን ይችላል። ድራሴናን የመሳሰሉ የቤት ውስጥ አበባዎች ‹የአኳሪየም› ተብለው የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ቆመው ቀስ ብለው ይበሰብሳሉ። ከውሃው አውጥተህ ያዘው። እውነተኛው የውሃ ተክል ውሃ ውስጥ ያወጣው ቅጠልና ግንድ ብዙውን ጊዜ ይልፈሰፈሳል፤ ራሱን አያቆምም። ቀጥ ብሎ ከቆመ ተጠራጠር፤ አየር ላይ ያደገ የውሃ ተክልም መጀመሪያ ላይ ሊቆም ስለሚችል ግን ወዲያው አትጣለው። አኑቢያስን ደግሞ ከዚህ ሕግ አውጣው፤ እሱ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ጠንካራ ሆኖ የውሃ ተክል ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ካሉህ ደግሞ ግንዳቸውን ጠጠር ውስጥ አትቅበር፤ ይበሰብሳል። በጥጥ ክር ወይም በጠብታ ሱፐር ግሉ ድንጋይ ላይ አጣብቃቸው፤ ሥራቸው ራሱ ይይዛል።

አሁን ወደ ዓሦቹ። ዓሣ በኩሱም በስንጥቡም የሚያወጣው ዋና ቆሻሻ አሞኒያ ነው፤ ለራሱ መርዙ ነው። ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት በመጠኑ አይጎዳም፤ ተክልም ይበላዋል። ቁም ነገሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ቦታ ላይ ነው። ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይኖሩም። የፊልተሩ ስፖንጅ፣ ጠጠሩ፣ መስታወቱ፣ ቅጠሉ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። በበቂ ቁጥር ለመራባት 25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እንዳንተ ባለ ቀዝቃዛ ቤት ሁለት ወርም ሊሄድ ይችላል።

አንተ በማግስቱ 10 ዓሣ አስገባህ፤ አሞኒያው የሚበላው አጣ። ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ የተባዙትን ጥቂት ባክቴሪያዎች ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አጠብካቸው። እርሾዋን በየሳምንቱ ደፍታ፣ ቡሃቃውን በሳሙና ፈትጋ፣ ከዚያ ሊጡ ለምን አልቦካም የምትል ሴት አይተህ ታውቃለህ? የአኳሪየም ስፖንጅ እርሾ ነው። ሲቆሽሽና የውሃ ፍሰቱ ሲቀንስ ብቻ፣ ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ ትመልሰዋለህ። ነጭ እስኪሆን አታጥበውም።

ስለ ጎልድፊሾቹ አጭር ነው፤ ይውጡ። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጸዳዳል፣ እያደገ ሲሄድ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ለስላሳ ተክል ደግሞ ለሱ ሰላጣ ነው፤ ያልበላውን ይነቅለዋል። ያንተ ሳጥን እስከ አፉ ቢሞላ 84 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የምትተወው ክፍተት ሲቀነስ 70 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለሁለት ጎልድፊሽ አይበቃም። ጉፒና ጎልድፊሽ የሚፈልጉት ሙቀትም አይገናኝም። ለሻጩ መልስለት ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ስጥ።

አረንጓዴው ውሃ በዓይን የማይታዩ፣ ተንሳፋፊ የአልጌ ህዋሶች ናቸው። ዘራቸው ሁልጊዜ አለ፤ ከአየርም ከተክልም ይመጣል። የሚፈነዱት አሞኒያና ብዙ ብርሃን ሲገናኙላቸው ነው። አንተ ሁለቱንም ሰጠሃቸው። ተክሎችህ ደግሞ ገና ቅጠል እየጣሉ ስለሆነ ብርሃኑን የሚጠቀም ሌላ የለም። ውሃውን ስትደፋ ለሁለት ቀን ይጠራል፤ የቀሩት ጥቂቶች ተመልሰው ይራባሉ። ሌላም ጉዳት አለው። አልጌው ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጥጦ ሲጨርስ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ይላል። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ያው የነበረው አሞኒያ ይበልጥ መርዛም ይሆናል። ጉፒዎችህ የሞቱት ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ ብዙ ሰዓት ከቆየ በኋላ ከሆነ አይግረምህ።

ብርሃን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ‹በበዛና በረዘመ ቁጥር ይሻላል› ብሎ ነው። ለጀማሪ ተክሎች ከ15 እስከ 20 ዋት የሆነ፣ ‹ዴይላይት› የሚል የተጻፈበት ወይም 6,500 ኬልቪን የሆነ የኤልኢዲ መብራት ለዚህ ሳጥን ይበቃል። በቀን ስድስት ሰዓት አብራው፤ ከወር በኋላ ተክሉ ሲይዝ ሰባት ወይም ስምንት ታደርገዋለህ። ሥራ ውለህ ስለምትገባ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ቢሆን አንተም ታየዋለህ። ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ግዛ። ግን እንደ ሰዓት የሚሽከረከረው ሜካኒካል ዓይነት ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በሳምንቱ መጨረሻ አኳሪየምህ እኩለ ሌሊት ላይ ደምቆ ታገኘዋለህ። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ምረጥ። አኳሪየሙ መስኮት አጠገብ ከሆነ ደግሞ አንሳው። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ሳጥን አልጌ አያጣም።

አዲስ አበባ ስለሆንክ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የማይነግሩህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ውሃ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ‹በ80 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ› የሚሉ የውጭ ሠንጠረዦችን ቀንሰህ ውሰዳቸው። ሌሊት ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይተነፍሳል። ጠዋት መብራት ከመብራቱ በፊት ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፈት ከፈት ካደረጉ እያፈናቸው ነው። ረሃብ መስሎህ ምግብ እንዳትጨምር።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። በሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቶች ማሞቂያ የሌለው ቤት ውስጥ ያለ ውሃ 17 ወይም 18 ዲግሪ ላይ መቆም ይችላል። ጉፒ ወዲያው አይሞትም፤ ግን ይደክማል፣ ይታመማል፣ ባክቴሪያውም ይዘገያል። ላንተ ሳጥን ቴርሞስታት (ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር) ያለው ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ይበቃል፤ 24 ላይ አድርገው። ውሃ ስትቀንስ ግን መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። የጋለው የማሞቂያው መስታወት ከውሃ በላይ ቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ማሞቂያ አልገዛም ካልክ ደግሞ ጉፒን ተወው፤ ዋይት ክላውድ ወይም ዜብራ ዳኒዮ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ካገኘህ ቀዘቀዝ ያለ ውሃ ይመቻቸዋል።

መብራት መጥፋቱ ለተክል ምንም አይደለም። ለፊልተር ነው ችግሩ። ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ለብዙ ሰዓት ከቆመ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያው ይሞታል። መብራት ሲመጣ ያንን የገማ ውሃ ወደ ሳጥኑ ይተፋዋል። ስለዚህ ላንተ የምመክረው ርካሹን ነው፤ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር። ስፖንጁ እዚያው ውሃው ውስጥ ስላለ መብራት ቢጠፋም ቶሎ አይታፈንም፤ አረፋውም የኦክስጅኑን ነገር ያግዛል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኘህ በመጠባበቂያነት ያዝ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ፓምፑን ከውሃው ደረጃ በታች፣ መሬት ላይ አታስቀምጠው። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦዋ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ፣ ከዚያም ማከፋፈያው ላይ ይፈሳል። ወይ ከሳጥኑ ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ ወይ ቱቦው ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ አድርግ። የሁሉም ዕቃ ገመድ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ውሃህን ተመልከት። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ በዛ ይላል። ሁለቱም ለምትተክላቸው ተራ ተክሎች ይሆናሉ። ችግሩ ክሎሪኑ ነው። ውሃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ ቀድተህ ለአንድ ሁለት ቀን አስቀምጠው፤ የአየር ድንጋይ (በአየር ፓምፑ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚገጠም አረፋ ማውጫ) ካስገባህበት ቶሎ ይለቃል። ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንሳል፣ ግን ሮቶው መቼ እንደተሞላ ካላወቅህ አትመነው። በፈረቃ ቆይቶ የመጣ ውሃ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ እሱን ለመጸዳጃ ቤት አድርገውና ሲጠራ ቅዳ። ዋሽንግተን ዲሲና ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያላችሁ አንባቢዎች ይህን የባልዲ ዘዴ አትጠቀሙ። እዚያ የሚጨመረው በአብዛኛው ክሎራሚን ነው፤ ቢያስቀምጡት አይለቅም፤ ማስወገጃ ጠብታ የግድ ነው።

የአክስትህ ልጅ ያለው ከፊሉ እውነት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተክል ምግብ ነው፤ ሲጨመር ተክል ይፈነጥዛል። ‹ያለሱ አይሆንም› የሚለው ግን ውሸት ነው። ቀያይ ቅጠል ያላቸውና መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑት ተክሎች ናቸው የሚፈልጉት። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርት ከአየሩና ከዓሣው ትንፋሽ በሚያገኙት ይኖራሉ። ሲሊንደር ካስገባህ ብርሃንም ማዳበሪያም አብሮ መጨመር አለበት፤ አንዱ ከጎደለ ትርፉ አልጌ ነው። በእጅ የሚከፈት ቫልቭ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጋዙን አያቆምም። ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ ባነሰበት ከተማ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የአየር ፓምፕ ቆሞ፣ ጋዝ እየፈሰሰ፣ ጠዋት ምን እንደምታገኝ አስበው። በስኳርና በእርሾ የሚሠራውን የጠርሙስ ዘዴም ተወው፤ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ይንተከተካል፣ ሌላ ቀን ዝም ይላል። የአክስትህ ልጅ የምር ሊረዳህ ከፈለገ የአሞኒያና የናይትራይት የጠብታ መመርመሪያና አንድ ብልቃጥ የክሎሪን ማስወገጃ ይላክልህ። ከሲሊንደሩ ይልቅ እነሱ ዓሣ ያተርፉልሃል።

የጓደኛህን የሐዋሳ ስጦታ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይምጣ። ከሐይቅ የተነቀለ ተክል ላይ ቀንድ አውጣና እንቁላሉ ተጣብቆ ይመጣል። ከነዚህ አንዱ ቢዮምፋላሪያ የሚባለው ሲሆን የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው እሱ ነው። በሽታው ሐዋሳን፣ ዝዋይን፣ ጣናን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ሐይቆች ዳርቻ አለ። በበሽታው ጥገኛ ትል የተያዘ ቀንድ አውጣ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጮችን ይለቃል። እጮቹ በቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። አንተ ደግሞ ተክል ስታስተካክል እጅህን እስከ ክርን የምትነክረው እዚያው ውስጥ ነው። ይህ ቀንድ አውጣ ጠፍጣፋና እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነው፤ በየሱቁ ካሉት ምንም ከማያደርጉ ዘመዶቹ በዓይን መለየት ከባድ ነው። አኳሪየም ውስጥ ትውልድ በትውልድ የተባዙት አያሰጉም፤ ጥገኛው ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ ሰው የተጸዳዳበት ውሃ ያስፈልገዋል። ከሐይቅ የመጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተክሉን በረኪና ባለው ውሃ መንከር ቀንድ አውጣውን ይገድል ይሆናል፤ እንቁላሉንና ቅጠል ሥር የተደበቀውን ሁሉ እንደሚጨርስ ግን ማንም ዋስትና አይሰጥህም። በነፃ ለሚገኝ ቅጠል ይህ ሁሉ አደጋ አይገባም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ተጠንቀቅ። ከአኳሪየምህ የቆረጥከውን ተክል ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትጣል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ውብ አበባው ለጌጥ ተፈልጎ ነው። በአገራችን በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጓደኛህ ያንን ሐምራዊ አበባ ያለውን ተንሳፋፊ ሊያመጣልህ ካሰበም ያው ‹አይምጣ› ነው። ቁርጥራጩን ፀሐይ ላይ አድርቀህ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ጨምረው።

ጠጠርህ ምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ስለዚህ ፈትነው። ጥቂት ጠጠር አድርቀህ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ አለበት፤ ውሃውን እያጠነከረ፣ ፒኤቹን ከፍ እያደረገ ይኖራል። ዝም ካለ ደህና ነው። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጥሩ ነው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያም ሥርም ይይዛል። ስለታሙ ግን ከታች የሚርመሰመስ ዓሣን ስለሚቧጭረው ላዩን ደቃቅ አሸዋ አልብሰው። ዋልካ አፈር አታስገባ፤ ጭቃ ነው የሚሆንብህ። ለክሪፕቶኮሪን ሥር ከፈለግህ ፍግ ያልነካውን ቀይ አፈር ለውሰህ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ድቡልቡል አድርገህ፣ አድርቀህ፣ ከጠጠሩ ሥር በወረንጦ ቅበር፤ ብረት ይሰጠዋል። የእርሻ ማዳበሪያ ግን በፍጹም። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ነው የሚለወጠው፤ አንድ ቁንጥር ዓሣህን ይፈጃል።

ስለ ሳጥኑ ሁለት ቃል። የተጣበቀበት ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ያለበት ከሆነ ዓሣን ይመርዛል። መስታወት ቤቱን ጠይቃቸው፤ ቱቦውን ያሳዩህ። ተሞልቶ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ለኮንክሪት ወለሉ ምንም አይደለም፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ግን አሁኑኑ ስጋት ነው። ጠንካራ፣ ውሃ ልኩ የተስተካከለ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ከሥሩም ስስ ፎም።

እንግዲህ የምታደርገው ይህን ነው። ዛሬ ጎልድፊሾቹን አውጣ፣ የሟሟውን ቅጠል ልቀም፣ ክሎሪኑ በለቀቀ ውሃ አንድ ሦስተኛውን ቀይር። የምትጨምረው ውሃ ሙቀት ከሳጥኑ ጋር ይቀራረብ። ውሃ ለመቅዳት ቱቦውን በአፍህ አትሳብ፤ ሞልተኸው በአውራ ጣትህ ዘግተህ ልቀቀው። ከዚያ መብራቱን አጥፍተህ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ለአራት ቀን ሸፍነው። የአየር ፓምፑ አይቁም፤ የሚሞተው አልጌ ኦክስጅን ይጨርሳልና። በነዚህ ቀናት ምግብ አትስጥ፤ ጉፒ አራት ቀን ጾሞ አይሞትም። በአራተኛው ቀን ስትገልጠው እንደገና አንድ ሦስተኛ ቀይር።

ከዚያ ያለህን ገንዘብ በሙሉ ተክል ላይ አውል እንጂ ዓሣ ላይ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ዘለላ ተክሎ ይጠብቃል፤ ያ አልጌን መጋበዝ ነው። ወለሉን ቢያንስ ከግማሽ በላይ ሸፍን። ፈጣኖቹን አብዛ፤ ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ አሞኒያውን ራሱን በቀጥታ ስለሚበሉ የባክቴሪያው መዘግየት ብዙ አይጎዳህም። ከታወቀ ሻጭ፣ አባዝቶ ካበቀላቸው ውሰድ፤ ከሐይቅ የተለቀሙ አለመሆናቸውን ጠይቅ። ቫሊስኔሪያን ስትተክል ነጩ አንገቱ ከጠጠሩ በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ለቀሩት አራት ጉፒዎች በሁለት ቀን አንዴ፣ በአንድ ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጣቸው። መመርመሪያው እስኪደርስህ ድረስ በየሁለት ቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይር፤ ሲደርስህ አሞኒያና ናይትራይት ለሁለት ሳምንት ያህል ዜሮ ካሳዩ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ይበቃል።

ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር መስታወቱን ቢሸፍነው አትደንግጥ፤ አዲስ ሳጥን ላይ የተለመደ ነው፤ በስፖንጅ ጥረገው፣ በራሱ ጊዜ ይተዋል። ወር ተኩል ካለፈ፣ ውሃው ከጠራና ተክሉ አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ ሦስት ትንንሽ ዓሣ ጨምር። ሁለት ሳምንት ጠብቀህ ሌላ ሦስት። በዚህ ከፍታና በዚህ ሳጥን ከአሥር አትለፍ፤ ጉፒ ወልዶ ራሱ ይሞላልሃል። ጎልድፊሽ ግን ልጅ ቢያለቅስ፣ እንግዳ ስጦታ ቢያመጣ፣ ወደዚህ ሳጥን እንዳይመለስ።